ንጉሡ ለምን መሐል ሜዳ ወጣ?

ነይ ግቢ ሲስተር፣ በርጩማው ላይ ውጪልኝ። ሥራ ቦታ የምታደርጊውን ጫማ ነው ያደረግሽው? ጎሽ። ስንቷ በተረከዝ ጫማ ትለካና ኋላ በነጠላ ጫማ ስትለብሰው ጋዋኗ የሆስፒታሉን ኮሪደር ይጠርጋል መሰለሽ። ቀጥ በይ። ወደ ታች አትመልከቺ፣ አንገትሽን በደፋሽ ቁጥር ጫፉ ከኋላ ይነሳና ያሳስተኛል። ውጪው እንዴት ነው... ነፋሱ በረታ አይደል? እዚህ በካውያው ምክንያት ሙቀቱ ደህና ነው። ጋሼ ከጠዋት ጀምረው እየተኮሱ ነው። ታውቂያቸው የለም እንዴ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰላም በያቸውና ተያቸው፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ ጆሯቸው ምንም አይሰማም።

ስፒል በአፌ ይዤ ነው የማወራሽ፣ ወሬዬ ቢቆራረጥ አትታዘቢኝ። ዝም ብዬ እንዳልለካሽ ደግሞ ዝምታ አልችልም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ... እኔ ግን ዝም ስል ነው የምነቅዘው።

እንዲያው ቼዝ ትወጃለሽ? አትወጂም? እኔም አልወድም ነበር። ሁለት ሰው አንገቱን ደፍቶ ግማሽ ቀን እንጨት ሲያይ የሚውልበት ነገር ነበር የሚመስለኝ። ይሄ የዛሬው ግን ሌላ ነው፣ ብሊትዝ ይሉታል። ለአንድ ተጫዋች ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጠው። ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሁለት ሰከንድ ይመርቁለታል፣ ሰዓቱ ካለቀበት ግን አለቀለት። የዓለም ታላላቆቹ አንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሲፋጠጡ፣ ጠጠሩን አስቀምጠው ሰዓቱን በጥፊ ሲሉት፣ ሁሉም በስልክ ይታያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት እዚያ ቤት አይሠራም። እዚያ አፍሳ የምትለቅመው የዘገየችዋ ናት።

ታዲያ አንድ ሰው አሉ... እዚህ ሰፈር አይደለም፣ ራቅ ይላል። ስማቸውን አልጠራም፤ የሰው ስም በሌለበት ማንሳት ነውር ነው ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ። አንቺም አታውቂያቸውም። የልብስ ስፌት ቤት ተኳሽ ናቸው። ምን ታዪኛለሽ? ካውያ የያዘ ሁሉ አንድ ሰው ነው እንዴ? በዓለም ላይ ስንት ተኳሽ አለ። ዞረሽ አትመልከቺ ብዬሻለሁ፣ ትከሻው ይዛባል።

እኚህ ሰው የቼዝ ነገር ተሰጥቷቸዋል። መሰጠት ስልሽ እንደ ሌላው ሰው ተምረው፣ ተጫውተው፣ ተሸንፈው አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፣ እሳቸው ግን ለሁለቱም ጊዜ አላጠፉም። ሲጫወቱ ያየ ሰው እንኳ የለም። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ... አዎ፣ እዚያም ሰፈር እንደኛው ከበሩ ትይዩ ፀጉር አስተካካይ አለ... የቼዝ ገበታውን ይዞላቸው መጣና አንድ ዙር እንጫወት አላቸው። ካውያው ሞቆብኛል አሉት። በሌላ ቀን ሲመጣ ደግሞ ካውያው ቀዝቅዞባቸው ነበር። ታላቅ ሰው ከማንም ጋር አይቀመጥም፣ አይገርመኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ታዲያ መተኮሻ ጠረጴዛቸው ዙሪያ ደጋፊው ይሰበሰባል። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ደረት ኪሱ ሰክቶ ይመጣል። የታክሲ ሾፌሩ አንድ ዓይኑን መኪናው ላይ፣ አንድ ዓይኑን ስልኩ ላይ አድርጎ በሩ ጋ ይቆማል። ሌሎችም ሁለት ሦስት አይጠፉም። ትልቁን ስልክ የውሃ መርጫው ላይ ያስደግፉታል፣ ሥርጭቱ ይከፈታል። እሳቸው ቆመው ነው የሚያዩት። ቀኝ እጃቸው ካውያው ላይ፣ ግራ እጃቸው ከእርጥቡ ጨርቅ ሥር። ጨርቁ እንዳይንሸራተት ይዘውት መሆኑ ነው... በሥራቸው ጥንቁቅ ናቸው።

ከዚያ በቀስታ ይናገራሉ። «አሁን ፈረሱን ይሠዋል» ይላሉ። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ይሄን የመሰለ ፈረስ እንዴት ይሠዋል ብሎ። ትንሽ ቆይቶ ተጫዋቹ ግንባሩን ያሻሻል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ፈረሱን ይሠዋል። «ንግሥቲቱን ወደ ኋላ ይመልሳታል» ይላሉ፣ ትመለሳለች። በመጀመሪያው ቀን ሳቁ፣ በሁለተኛው ቀረብ አሉ፣ በሦስተኛው ፀጉር አስተካካዩ ወረፋ አታስጠብቋቸው ብሎ አዘዘ። የዓለም ታላላቆች ገና ያላሰቡትን ካውያ ይዞ የሚያስብ ሰው መንደራችን... መንደራቸው ውስጥ ተገኘ። ትሕትናቸውስ ብትይ! እንዴት ነው የሚያውቁት ሲሏቸው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዝም ብሎ ይታየኛል» ነው የሚሉት። እዚህ ላይ እኔ ራሴ እመሰክርላቸዋለሁ። አንድ ቀን አልዋሹም፣ ይታያቸው ነበር።

ክንድሽን ዘርጊልኝ። እጅጌው ትንሽ ይረዝማል... በሽተኛ ስታገላብጪ እንዳይጠልፍሽ ሁለት ጣት ላሳጥረው።

ታናሼን ታውቂያታለሽ አይደል፣ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራዋን? አሁን ዚፕ ልትገዛ ወጥታለች። እሷ ከአባታችን ጋር ነው ቼዝ የጀመረችው፣ እግሯ ከወንበር ወደ መሬት ሳይደርስ። ትምህርት ቤት ሳለች የሚያሸንፋት አልነበረም። እሷም ያንን ለማየት እዚያ ሩቅ ሰፈር ትሄድ ነበር፣ በምሳ ሰዓት፣ ያውም ሸሚዝና ቁልፏን ይዛ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ትጉህ ናት። እንግዲህ ጨዋታው ሲጠብቅ እንደ ልማዷ ትናገራለች። «ግንቡን ወደ ጥግ ቢወስደው አይሻልም?» ትላለች። ሰውዬው ሳያዩዋት ፈገግ ይሉና፣ የኔ ልጅ፣ ወታደሩን ነው የሚገፋው ይላሉ። ወታደሩ ይገፋል። በሌላም ቀን ትናገራለች፣ በሌላም ቀን ትሳሳታለች። ሦስት ወር ሙሉ ሲስተር፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳካላትም። ኋላ ተንታኞቹ፣ እዚያ ላይ ግንቡን ወደ ጥግ ቢወስደው ያሸንፍ ነበር ሲሉ ማን ይሰማል? ያን ጊዜ ምሳ ሰዓቱ አልቆ ሰው ወደ ሥራው ተመልሷል።

ሰውዬው ደግሞ ለሰው አሳቢ ናቸው። ልጅቷ በከንቱ እንዳትደክም ብለው አንድ ቀን በሰው ፊት መከሯት። «የኔ ልጅ፣ ያንቺ ዓይን ለመርፌ ቀዳዳ ነው የተፈጠረው» አሏት። ምክር ነው፣ ክፋት የለበትም። እሷም ሰማቻቸው። ገበታዋን ቁርጥራጭ ጨርቅ የምናጠራቅምበት ቅርጫት ውስጥ ከታች ከተተችው። ጨርቅ ስፈልግ ነው ያገኘሁት።

ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም ልበል፣ የምሳ ሰዓት ጨዋታ ነው። ግን ይኸውልሽ፣ ቅዳሜ የከተማው የብሊትዝ ውድድር አለ። በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚደረገው። እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ተጫዋች ብቻ ይልካል፣ ከዚያ ያለፈ ለዋናው ቡድን ምርጫ ይቀርባል። ታናሼ ባለፈው ጊዜ ታማ አምልጧታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን ስትቆጥር ነው የኖረችው። እና ባለፈው ሳምንት ደጋፊው ተሰብስቦ ማን ይሂድ ተባባለ። ከሳቸው ሌላ ማን አለ? ሁሉም አንድ አፍ ሆነ። እሳቸውም «ካላችሁ እንግዲህ...» አሉ። ሁለት ጊዜ እንኳ አላስለመኑም፣ ሰው ማስቸገር አይወዱም። መጀመሪያ እጇን ያወጣችላቸው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ታናሼ ናት። እጇን ሽቅብ አንስታ፣ ጣቷ ላይ የመርፌ ቆቧ እንዳለ።

በማግሥቱ ጠዋት ቁልፍ ስትተክል እንባዋ ሸሚዙ ላይ ጠብ አለ። ክር ዓይኔ ገባ አለችኝ። እኔን ነው የምታታልለው? አሳድጌያታለሁ እኮ። ሰው ተጫውቶ ተሸንፎ ቢያለቅስ የአባት ነው። እሷ ግን ሳትጫወት ነው የተሸነፈችው፣ ያውም በማን እንደተሸነፈች ሳታውቅ።

ምነው ጋሼ፣ ያ ሸሚዝ ገና ነው? አንዱን ኮሌታ ግማሽ ሰዓት ያዙት እኮ... አይሰሙም አላልኩሽም?

ትናንት ምሳ ሰዓት ደግሞ እኔም በአጋጣሚ እዚያ ሩቅ ሰፈር ነበርኩ። ሁለቱ አንደኛ የሚባሉት ተጫዋቾች ተገናኝተው ነበር። ለአንደኛው ዘጠኝ ሰከንድ ቀርቶታል፣ ተራው ግን የተጋጣሚው ነው። ሰውዬው ድንገት ቀና አሉ። «ንጉሡ» አሉ። ምን ሆነ ንጉሡ? «ንጉሡ ከምሽጉ ወጥቶ መሐል ሜዳ ላይ ይቆማል።»

እኔ ቼዝ አላውቅም፣ ግን ፀጉር አስተካካዩ ሲደነግጥ አየሁ። ንግሥቲቱ እዚያው ቆማለች፣ ግንቦቹ አሉ፣ መሐል ሜዳ ወጥቶ ምን ሊሆን ነው አላቸው። እሳቸው ካውያውን አስቀምጠው አስረዱት። እንዴት ያለ ማስረዳት መሰለሽ ሲስተር፣ አገር ያስተዳድራል። ንጉሥ ራሱ ካልዘመተ ሠራዊቱ ልብ አያገኝም አሉ። ይሄ ጥልቅ ነው፣ ኮምፒዩተር እንኳ አይደርስበትም አሉ። ያልተጠየቁትንም ጨመሩለት፤ ያኛውም ንጉሥ ዝም አይልም፣ እሱም ይወጣና ጎን ለጎን ይፋጠጣሉ አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ይሄን በማስታወሻው ላይ ጻፈው። ታናሼ ክር በጥርሷ ልትበጥስ ነበር፣ ክሩን ከአፏ ሳታወጣ ቀረች። ሁለት ንጉሥ ጎን ለጎን መቆም በቼዝ ክልክል ነው። ገና ጨዋታውን የጀመረ የመጀመሪያ ቀን የሚማረው ሕግ ነው አለችኝ ኋላ።

ከዚያ ትልቁ ስልክ ላይ ምን ታየ መሰለሽ? ተጋጣሚው አንቀሳቀሰ፤ ዘጠኝ ሰከንድ የቀረው ልጅ ራሱን ነቀነቀ፣ ሰዓቱን አቆመ፣ ተጋጣሚውን ጨበጠው። ተሸነፈ፣ ጨዋታው አለቀ። ከጨበጠው በኋላ ሁለቱንም ንጉሦች አንስቶ መሐል ገበታው ላይ አስቀመጣቸው። ለካስ ጨዋታ ሲያልቅ እንዲያ ነው የሚደረገው። ገበታው ከሥሩ ሽቦ አለው፣ የተቀመጠበትን ሁሉ ወዲያው ጽፎ ይልካል። ንጉሦቹ መሐል ሲቀመጡ ማን እንዳሸነፈ ያውቃል፤ ጨዋታውን ለማያውቅ ግን ጽሑፉ የንጉሥ ጉዞ ይመስላል። ጽሑፉ ቶሎ ይደርሳል፣ ምስሉ ግን በአርባ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ታናሼ ናት። ጽሑፉን የሚያነብበት ትንሽ ስልክ የያዘ ሰው ካለ እንግዲህ... ትልቁን ስልክ ከሚያየው በአርባ ሰከንድ ይቀድማል። በብሊትዝ አርባ ሰከንድ ስንት ነገር ነው።

ታናሼ ያን ጊዜ ወደ ማን እንዳየች ልንገርሽ? ወደ ማንም አላየችም። ወደ እርጥቡ ጨርቅ ነው ያየችው። ጨርቁ ስስ ነው፣ ከሥሩ ብርሃን ነበረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ ይሄኛው ግን ማደርም አላስፈለገው፣ አርባ ሰከንድ በቃው።

ሰውዬው ግን አልደነገጡም፣ ጨዋ ሰው አይደነግጥም። «አያችሁ? ያሰብኩት ገብቶት እጁን ሰጠ» አሉ። ፀጉር አስተካካዩ አጨበጨበ። ይሄውልሽ፣ ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ይላሉ፤ እሳቸው ዘንድ ግን ጆሮውም ቀንዱም ከአንድ ኪስ ነው የሚወጣው።

ዞሪልኝ፣ የኋላውን ልየው። እንደሱ።

ወደ ቤት ስንሄድ ታናሼን ተቆጣኋት። ለምን ዝም አልሽ፣ ለምን በሰው ፊት አልተናገርሽም አልኳት። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አላዋርዳቸውም አለችኝ። ትንሽ እንደተራመድን ቆም አለችና፣ «እንግዲያው ያን ሁሉ ጊዜ አልተሳሳትኩም ነበር ማለት ነው?» አለች። ብቻ ይሄን ነው የጠየቀችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ዓይኗን ስትጠራጠር ኖራ፣ በማንም ሳትቆጣ፣ ስለ ራሷ ብቻ ነው የጠየቀችው። እኔ ብሆን እንዲያ አልሆንም ነበር፣ እኔማ እንደሷ ጨዋ አይደለሁም። ታውቂኛለሽ፣ ነገር ልቤ ውስጥ አያድርም። ግን የሰው ስም አላነሳም፣ ስለ ሩቅ ሰው ነው የማወራሽ።

የመመዝገቢያው ወረቀት እዚያው ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዞት ይሄዳል። አሁን ስንት ሰዓት ነው... ዘጠኝ ተኩል? ጊዜ አለ። አንድ ስም ሰርዞ ሌላ መጻፍ ስንት ይፈጃል? ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ታናሼ አትጠይቅም፣ እኔም አልሄድም። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ከሰውዬው ከራሳቸው አፍ ካልሰማ አይሰርዝም፣ ያመልካቸዋል። እንግዲህ ያ ሰው ምን ያደርጉ ይመስልሻል? እኔ ደግ ነገር ነው የምጠብቀው። የሌላውን ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው የራሱን እንዴት ያጣዋል?

ምን ሸተተሽ? እኔንም ሸቶኛል... ጋሼ፣ ካውያውን ያንሡት። ኮሌታው አረረ። ግዴለም፣ ያለ ነገር ነው፣ ለጠጋኝ ጨርቅ ይሆናል። እሳቸውን የመሰለ ተኳሽ ሸሚዝ ሲያቃጥል ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው ሲስተር። ድካም ይሆናል።

ጃኬትዎን ለበሱ እኮ፣ ወዴት ነው ጋሼ? ፀጉር ቤት? ትናንትና ተቆርጠው የለም እንዴ? ... ምን አሉኝ? ዓይንዎን እያመመዎት ነው? ቅዳሜ አይመችዎትም፣ ታናሽሽ ትሂድልን ነው የሚሉት? ውይ ጋሼ፣ እርስዎም ለውድድሩ ተመዝግበው ኖሯል? አላወቅኩም እኮ፣ አላወቀችም ይበሉኝ። እኔ ለሲስተር ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራላት፣ ስለ ሩቅ ሰው። እርስዎን ምን አገናኝቶዎት?

እሺ፣ ካሉ እንግዲህ ደስ ይለኛል። ሳይረፍድብዎ ይሂዱ፣ እኔ ካውያውን አጠፋዋለሁ። ከመሄድዎ በፊት ግን ልመርቅዎ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ ጋሼ፣ ለልጅቷ እንዳሰቡላት ያስብልዎ። እነዚያን ዓይኖችዎን ይማርልዎ። ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ከበሽታ ይጠብቅዎ። ቅዳሜ አዳራሹ በር ላይ ስልክ ይሰበስባሉ አሉ፣ ታናሼ ባዶ እጇን ነው የምትቀመጠው። እርስዎ እዚሁ ሆነው ይጸልዩላት። ጸሎትዎ ከምስሉ አርባ ሰከንድ ቀድሞ ይድረስላት... አሜን በይ እንጂ ሲስተር።